ጨረሩ ቀላሉ ሥራ ነው



በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ኦሶዩስ የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። እዚያ አንድ ፋብሪካ አለ፤ ምርቱ የእሳት ራት ነው። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በቀን ወደ 2 ሚሊዮን ያወጣል። ደግሞ እንዲሁ የተገኘ የእሳት ራት አይደለም። ኮድሊንግ ሞዝ የሚባለው፣ ትሉ የአፕልን ፍሬ እስከ ዘሩ ድረስ ቦርቡሮ የሚበላው ነው። የአካባቢው ገበሬ አባቱም አያቱም ዕድሜ ልካቸውን መድኃኒት ሲረጩበት የኖሩትን ተባይ ፋብሪካው ይቀልባል፣ ያሳድጋል፣ በጨረር ያመክናል፣ ከዚያም ወስዶ እዚያው አፕሉ መሀል ይለቀዋል። ገበሬው ለዚህ ገንዘብ ይከፍላል። የገረመኝ ግን እሱ አይደለም፤ አንድም የአፕል ዛፍ የሌለው የከተማው ነዋሪም ይከፍላል።

ይህን ዘዴ ሳስረዳ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠይቀኝ ስለ ጨረሩ ነው። አደጋ የለውም ወይ? ነፍሳቱ ጨረር ይዘው ማሳ ውስጥ አይበተኑም ወይ? አይበተኑም። ጨረሩ በአካላቸው አልፎ ይሄዳል እንጂ ውስጣቸው አይቀመጥም። የሚያበላሸው የዘር ሕዋሳቸውን ነው፤ እነሱም ጥቂት ሳምንት እንኳ ሳይሞላቸው በየዛፉ ሥር ሞተው ያልቃሉ። የጨረሩ ክፍል ይኸው ነው። የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ ስሌቱም ከታወቀ ስድሳና ሰባ ዓመት ሆኖታል። ዛሬ ማታ ጊዜዬን የምሰጠው ከእሱ በፊትና ከእሱ በኋላ ላለው ሥራ ነው፤ ገንዘብ የሚፈስሰውም ፕሮግራም የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነውና። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ሐሳቡን ያመጣው ኤድዋርድ ኒፕሊንግ የሚባል አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ ነው። በ1930ዎቹ ቴክሳስ ውስጥ የሚያጠናው ስክሩወርም የሚባለውን ዝንብ ነበር። ይህ ዝንብ እንቁላሉን የሚጥለው በከብት ቁስል ላይ ነው፤ የሚፈለፈለው ትልም የሚበላው የሞተውን ሥጋ ሳይሆን ሕያውን ነው። ኒፕሊንግ ሴቷ ዝንብ ብዙውን ጊዜ በሕይወቷ አንዴ ብቻ ከወንድ ጋር እንደምትገናኝ አየና፣ ያ አንድ ወንድ መካን ቢሆንስ ብሎ አሰበ። ማምከኛ መንገድ ግን አልነበረውም። ሄርማን ሙለር የኤክስሬይ ጨረር የነፍሳትን ዘር እንደሚለውጥ በ1927 አሳይቶ ስለነበር፣ ኒፕሊንግ በ1950 ደብዳቤ ጻፈለት። ባልደረባው ሬይመንድ ቡሽላንድም ሳን አንቶኒዮ በሚገኝ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የኤክስሬይ ማሽን የዝንቡን ሙሽሬዎች በጨረር አስመታ። በ1954 ኩራሳው በምትባለው የካሪቢያን ደሴት ላይ መካን ዝንብ በአውሮፕላን ተለቀቀ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ደሴቲቱ ከዝንቡ ጸዳች።

የኒፕሊንግን ሒሳብ ጠጋ ብለን እንየው፤ የዘዴው ውበት ያለው እሱ ላይ ነው። በአንድ አካባቢ 1 ሚሊዮን የዱር ሴትና 1 ሚሊዮን የዱር ወንድ አሉ እንበል። በየትውልዱ 2 ሚሊዮን መካን ወንድ ልቀቁ። ከሦስት ሴት አንዷ ብቻ ጤነኛ ወንድ ይደርሳታል፣ የሁለቱ እንቁላል ውኃ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በሁለተኛው ትውልድ ያሉት ሴቶች 333,333 ናቸው። የምትለቁት ግን ያንኑ 2 ሚሊዮን ስለሆነ አሁን ለአንድ የዱር ወንድ ስድስት መካን አለ፤ ሦስተኛው ትውልድ ወደ 47,619 ይወርዳል። አራተኛው 1,107 ይሆናል። አምስተኛው አንድም አይሞላም።

መድኃኒት ርጩና ደግሞ አወዳድሩት። በየትውልዱ ዘጠና በመቶ የሚገድል ጥሩ መድኃኒት ይዛችኋል እንበል። ከ1 ሚሊዮኑ 100,000፣ ከዚያ 10,000፣ ከዚያ 1,000፣ ከዚያ 100 ይቀራሉ። የመጨረሻዎቹን 100 ለመግደል ግን የምትረጩት ያንኑ ሄክታር በዚያው ሊትር ነው። ተባዩ በበዛበት ጊዜ መድኃኒት ያዋጣል፣ እየሳሳ ሲሄድ ገንዘብ ማባከን ይሆናል። መካኑ ወንድ ተቃራኒውን ነው የሚሠራው። ተባዩ ሲበዛ ሰሚ የለውም፤ ሲሳሳ ግን የትኛዋ ቅጠል ሥር ሴቷ እንደተደበቀች ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቃል፣ ሽታዋን ተከትሎ ያገኛታል። ለዚህ ነው ሁለቱ ተፎካካሪ ሳይሆኑ ተከታታይ መሆን ያለባቸው፤ መጀመሪያ በሌላ መንገድ ቁጥሩን ማውረድ፣ ከዚያ መካኑን ማስገባት።

ይህ ሒሳብ በርግጥ የወረቀት ሒሳብ ነው። የዱር ነፍሳት በየትውልዱ ይባዛሉ፣ የፋብሪካው ወንድም ከዱሩ እኩል ጎበዝ አይደለም። እዚህች ላይ ነው የእሳት ራት ነገር ከዝንብ የሚለየው።

ዝንብን ማምከን ቀላል ነው። ሕዋስ ሲከፈል ክሮሞሶሙን ወደየወገኑ የሚጎትት ክር አለ፤ የዝንብን ክሮሞሶም ያ ክር የሚይዘው ጀበና በጆሮው እንደሚያዝ በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ጨረር ክሮሞሶሙን ሲሰብረው ጆሮ የሌለው ስባሪ የሚይዘው አጥቶ ይጠፋል፣ ፅንሱም ይሞታል። የእሳት ራትና የቢራቢሮ ክሮሞሶም ግን ከጫፍ እስከ ጫፉ መያዣ ነው። ቢሰባበርም ስባሪው ሁሉ ክሩን ይይዝና ወደሚቀጥለው ሕዋስ ይሻገራል። ስለዚህ የስክሩወርምን ወንድ ጥቂት አስር ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ሲያመክነው፣ የኮድሊንግ ሞዝን ወንድ ፈጽሞ ለማምከን ከ300 ግሬይ በላይ ያስፈልጋል።

ጨረሩን ማብዛት ነዋ፣ ትሉኝ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሰዎችም ያሉት ይህንኑ ነበር። በካናዳ ሳመርላንድ የምርምር ጣቢያ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኮድሊንግ ሞዝ ላይ የሠራው ተመራማሪ ፕሮቨርብስ ያገኘው ችግር ግን ግልጽ ነበር። ብዙ ጨረር የወሰደ ወንድ መካን ይሆናል፤ መካን መሆኑ ግን የሚጠቅመው ሴቷን ቀድሞ ከደረሰባት ነው። በደንብ የማይበርር፣ ዕድሜው ያጠረ፣ ሽታ ተከትሎ መሄድ የሚያቅተው ወንድ ሚሊዮን ቢለቀቅ ለወፍ ቀለብ ከመሆን አያልፍም።

መፍትሔው የመጣው ጨረሩን ከመቀነስ ነው። እዚህ ጋ በዚህ ሁሉ ሳይንስ ውስጥ እጅግ የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። በ150 ግሬይ አካባቢ ሴቷ ፈጽማ ትመክናለች፣ ወንዱ ግን ግማሽ መካን ነው። ከዱር ሴት ጋር ሲገናኝ ጥቂት እንቁላል ይፈለፈላል። ከሚፈለፈሉት አብዛኞቹ ወንዶች ይሆናሉ፤ እድገታቸው ይዘገያል፤ የአባታቸውን የተሰባበረ ክሮሞሶም ሁሉ ይዘው ስለተወለዱ ደግሞ ከአባታቸው ይልቅ እነሱ መካን ናቸው። ልጅ ከአባቱ የባሰ መካን ሆኖ ይወለዳል! በዚያ ላይ እነዚህ ልጆች ፋብሪካ አያውቁም። የተወለዱት እዚያው አፕሉ ላይ ነው፣ ብርዱንም ነፋሱንም ለምደውታል፣ ከዱሩ ወንድ ጋር እኩል ይሽቀዳደማሉ። ፋብሪካው ያላመረታቸው፣ ለመኪና ነዳጅ ያልተከፈለላቸው መካኖች ናቸው።

ታዲያ አንድ አስተዋይ ገበሬ እዚህ ላይ እጁን ያነሣል። እነዚያ የሚፈለፈሉት ልጆች ትል አይደሉም ወይ? አፕሌን አይበሉም ወይ? ይበላሉ። ይህን መደበቅ አይገባም። ቁጥራቸው ትንሽ ነው እንጂ ፍሬ ይበላሻል። ይህን ዘዴ ለገበሬ ሲያስተዋውቁ ይህችን ነጥብ ዘልለው የሚያልፉ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል፤ ገበሬው በኋላ ትሉን ራሱ ሲያገኘው የሚያጡት እምነት በምንም ሪፖርት አይመለስም። በሌላ አገርም ቢሆን ጥያቄው የሚነሣው የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነው፣ መልሱም እዚያው መሰጠት አለበት።

አሁን ወደ ፋብሪካው ልግባ፤ ከጨረሩ በፊት ያለው ከባዱ ሥራ ያለው እሱ ውስጥ ነውና።

ትሉ በተፈጥሮው የሚበላው አፕል ነው። በቀን 2 ሚሊዮን የእሳት ራት በአፕል ማሳደግ ግን የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ከሰጋቱራ፣ ከወረቀት ብስባሽ፣ ከስንዴና ከቫይታሚን የተለወሰ ምግብ በትሪ ተዘርግቶ እንቁላሉ በላዩ ይደረጋል። በዚያ ሊጥ ውስጥ ቀይ ቀለም ይጨመራል። ቀለሙ ትሉ ሲበላው በስቡ ውስጥ ይቀመጥና አድጎ ክንፍ ካወጣም በኋላ አይለቀውም። የቀለሙን ጥቅም ቆይቼ አመጣዋለሁ።

የእሳት ራት ክንፍ ላይ ያለውን ዱቄት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስትይዙት ጣታችሁ ላይ የሚቀረው ማለቴ ነው። ዱቄት ሳይሆን ጥቃቅን ቅርፊት ነው። አንድ የእሳት ራት ላይ ሲሆን ማንም ልብ አይለውም። በአንድ ሕንፃ ውስጥ በመቶ ሺዎች ሲንቀሳቀሱ ግን ያ ቅርፊት አየሩን ይሞላዋል፣ የሠራተኛ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ አለርጂ ያመጣል። ስለዚህ የእሳት ራት ማራቢያ ሲሠራ ከጨረሩ ክፍል ይልቅ አየር የሚስበውና የሚያጣራው መሣሪያ ነው የሚያሳስበው። ከዝንብ ማራቢያ ልምድ ይዞ የመጣ መሐንዲስ ይህን ካላሰበበት ሠራተኞቹ በወራት ውስጥ ይሸሹታል።

ሌላው ጠላት ቫይረስ ነው። እነዚህን ትሎች ብቻ የሚያጠቃ ግራኑሎቫይረስ የሚባል ቫይረስ አለ። ለሰው ምንም ስለማያደርግ በጠርሙስ እየተሸጠ ማሳ ላይ ይረጫል፣ ጥሩ ፀረ ተባይም ነው። ያው ቫይረስ በስህተት ማራቢያው ውስጥ ከገባ ግን ትሪውን ሁሉ ያጨደዋል። ገበሬው የሚገዛው መድኃኒት ለፋብሪካው ወረርሽኝ ነው። ስለዚህ እንቁላሉ ሳይቀር ይታጠባል፣ ሠራተኛው ልብስ ሳይለውጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አያልፍም።

ክንፍ ያወጡት የእሳት ራቶች ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ይገባሉ። ወደ ዜሮ በተጠጋ ብርድ ክንፋቸውን አጥፈው ጸጥ ይላሉ፤ በዚያ ሁኔታ ተመዝነው በትንንሽ ክብ ዕቃ ይሞላሉ፣ ኮባልት 60 ባለበት ማሽን ውስጥ ገብተው ይወጣሉ፣ በቀዝቃዛ ሣጥን ይጫናሉ። ኦሶዩስ ባለችበት በኦካናጋን ሸለቆ ውስጥ የሚያደርሳቸው አራት ጎማ ያለው ሞተር ነው፤ በቅርብ ዓመታት ድሮንም ተሞክሯል። ሠራተኛው በአፕል ዛፍ መስመሮች መሀል እየነዳ ከኋላው በማራገቢያ ይነፋቸዋል።

ከዚያ ወጥመዱ ይናገራል። በየማሳው የሴቷን ሽታ የያዘ ሙጫ ያለው ወጥመድ ይሰቀላል፤ ወንዶቹ ሴት አገኘን ብለው ገብተው ይጣበቃሉ። ቆጣሪዋ ወጥመዱን አውርዳ ገልጣ የእሳት ራቱን ሆድ በመቆንጠጫ ጨመቅ ታደርገዋለች። ቀይ ከወጣ የእኛው ነው። ካልወጣ የዱር ነው። የፕሮግራሙ ውሳኔ ሁሉ፣ የት ይብዛ፣ የት ይቀነስ፣ የትኛው ማሳ ይረጭ የሚለው፣ የተመሠረተው በዚህች ጠብታ ቀይ ቀለም ላይ ነው።

አንድ ያልተፈታ ችግር ደግሞ አለ። ሴቶቹንም አብሮ መልቀቅ ግድ ነው። ሜዲትራኒያን ፍሩት ፍላይ በሚባለው ዝንብ ላይ ሳይንቲስቶች ሴቶቹ በእንቁላልነታቸው ሙቀት ሲነካቸው የሚሞቱበትን ዘር አበጅተዋል፤ ስለዚህ የሚያድገው ወንድ ብቻ ነው፣ ወጪውም ይቀላል። ለእሳት ራት እንዲህ ያለ በፋብሪካ ደረጃ የሚያገለግል ዘር የለም። መካኑ ወንድ አብራው ከተለቀቀችው መካን ሴት ጋር ጊዜውን ያጠፋል፣ የዱሯ ሴት ትቀራለች። ቁጥሩን በማብዛት ነው የሚካካሰው፤ ቁጥር ደግሞ ገንዘብ ነው።

ገንዘብ ካነሣን ወደ ከተማው ሰው እንመለስ።

ፕሮቨርብስና ባልደረቦቹ ከ1976 እስከ 1978 ሲሚልካሚን በሚባል ሸለቆ ላይ ሞክረው ዘዴው እንደሚሠራ አሳይተው ነበር። ነገር ግን ከመድኃኒት ይልቅ ውድ ሆነና ተቀመጠ። በኋላ ተባዩ መድኃኒት እየለመደ መጣ፣ በላተኛውም ስለ መድኃኒት ቅሪት መጠየቅ ጀመረ፤ በ1992 ፋብሪካው የሚያገለግለው የኦካናጋንና ኩትኒ ፕሮግራም ተቋቋመ፣ በ1994 የመጀመሪያዎቹ መካኖች ተለቀቁ። ሲነሡ ሐሳባቸው ማጥፋት ነበር፤ ከሸለቆ ሸለቆ እየጠረጉ መሄድ። አልሆነም። በጸደይ ወራት ብርዱ ሳይለቅ የፋብሪካው ወንድ ከዱሩ ወንድ ጋር እኩል አይበርርም፤ ማሳው ሲጸዳ ደግሞ ከተማ ውስጥ ያለው ዛፍ መልሶ ይበክለዋል። ጥቂት ዓመታት ሠርተው ግባቸውን ከማጥፋት ወደ መቀነስ ለወጡ። እኔ ይህን ውድቀት አልለውም፤ ፕሮግራሙ እስከ ዛሬ የቆየው በጊዜው ዓላማውን ስላስተካከለ ይመስለኛል። የዱሩ ቁጥርም ለእሱ የሚረጨው መድኃኒትም ከ90 በመቶ በላይ ወርዷል።

የከተማው ዛፍ ነው እንግዲህ ነገሩን የወሰነው። ጡረታ የወጣች እናት ጓሮዋ ውስጥ አንድ የአፕል ዛፍ ይኖራታል። ፍሬውን አትሸጠውም፤ ግማሹ መሬት ላይ ወድቆ ይበሰብሳል። ያቺ አንዲት ዛፍ ለአካባቢው ማሳ ሁሉ የተባይ ምንጭ ትሆናለች። ስለዚህ የአካባቢው ሕግ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ባለ ዛፍ ሁሉ ዛፉን የመንከባከብ ግዴታ አለበት፤ ካልቻለ ፍሬው ይለቀማል ወይም ዛፉ ይቆረጣል። ሁለተኛ፣ ወጪው በአፕል ገበሬው ላይ በመሬቱ ስፋት ከሚጣለው በተጨማሪ በአካባቢው የንብረት ግብር ውስጥ ገባ። አፕል የሌለኝ ለምን እከፍላለሁ ያለ ነበር፣ ዛሬም ይኖራል። መልሱ ግን አሳማኝ ነው፤ መድኃኒቱ የሚረጨው ከቤቱ አጥር ጥግ ነው፣ የሚተነፍሰውም እሱ ነው።

አሪዞና ላይ ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። ፒንክ ቦልወርም የሚባለው ሮዝማ የጥጥ ፍሬ ትል አሜሪካ ውስጥ በ1917 ቴክሳስ ላይ ታይቶ ወደ ምዕራብ ተስፋፋ። ካሊፎርኒያ ሳን ዋኪን ሸለቆን ከእሱ ለመጠበቅ ከ1968 ጀምራ በየበጋው መካን ስትለቅ ኖረች፤ ያ ግን መከላከያ አጥር ነበር። በ1996 ቢቲ ጥጥ መጣ፤ የባክቴሪያን ፀረ ትል ፕሮቲን ራሱ ተክሉ እንዲያመርት የተደረገ ጥጥ ነው። በዚህ ጥጥ ላይ ትሉ ይሞታል። ሁሉም ሰው ያንኑ ብቻ ከዘራ ግን ጥቂት የተቋቋሙት ትሎች እርስ በርስ ተገናኝተው አዲስ የማይበገር ዘር ይፈጥራሉ። የተለመደው ዘዴ ተራ ጥጥ በየመሀሉ መዝራት ነው፤ እዚያ ያደጉት ጤነኞች የተቋቋሙትን ያገቧቸዋል፣ ጥንካሬያቸውም ይቀልጣል።

አሪዞናዎች ከ2006 ጀምሮ ይህን ቀየሩት። ተራውን ጥጥ ትተው ማሳቸውን በሙሉ ቢቲ የመዝራት ፈቃድ አገኙ፤ በምትኩ ፊኒክስ ካለው ማራቢያ በአውሮፕላን መካን የእሳት ራት ዘነበ። ከቢቲው ያመለጠ አንድ ወንድ ቢኖር ዙሪያው ሁሉ መካን ሴት ነው፤ አንዲት ሴት ብትኖር ዙሪያዋ ሁሉ መካን ወንድ ነው። ሁለቱ ዘዴዎች አንዱ የሌላውን ቀዳዳ ደፈኑ። በ2005 በአሪዞና ከ2 ቢሊዮን በላይ ይገመት የነበረው ተባይ በ2013 ዜሮ ደረሰ። ሥራው የተጠናቀቀው በሰሜናዊ ሜክሲኮ ጭምር ነው፤ የእሳት ራት ቪዛ አይጠይቅምና። በ2018 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተባዩ ከአገሪቱ የጥጥ ማሳዎች መጥፋቱን አወጀ። የተለቀቁት መካኖች ከ11 ቢሊዮን በላይ ነበሩ። ከ2014 እስከ 2019 ገበሬዎች 192 ሚሊዮን ዶላር ማዳናቸው ተሰልቷል።

ሕንድ ውስጥ ያው ትል ያንኑ ቢቲ ጥጥ ተቋቁሞታል፤ ዛሬ የሚሊዮኖች ራስ ምታት ነው። ኢትዮጵያ በ2018 ቢቲ ጥጥ ለንግድ እንዲመረት ስትፈቅድ ዝርያዎቹን ያመጣችው ከሕንድ ነው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም የማነሣው። ዘሩን ስንገዛ አብሮት ሊመጣ የሚገባው፣ ተራ ጥጥ በየመሀሉ ለመዝራትም ሆነ መካን ለመልቀቅ የሚያስፈልገው የጎረቤት ስምምነት በዘሩ ከረጢት ውስጥ እንደማይታሸግ ለመናገር ነው።

ሜክሲኮንም በአጭሩ ልጥቀስ፣ በለስ የምትወዱ ስላላችሁ። አውስትራሊያ በ1920ዎቹ አገር ያጥለቀለቀባትን በለስ ለማጥፋት ካክቶብላስቲስ የሚባል የእሳት ራት አስመጥታ ትሉ በለሱን ስለጨረሰላት እስከ ዛሬ ታመሰግነዋለች። ያው የእሳት ራት በ2006 ኢስላ ሙኼሬስ የምትባል የሜክሲኮ ደሴት ላይ ሲገኝ አገሩ ተደናገጠ፤ በለስ ለሜክሲኮ ምግብም የከብት መኖም፣ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ያለ ተክልም ነው። የትግራይ ሰው ይህን ድንጋጤ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። የተበከለውን እየነቀሉ፣ መካን እየለቀቁ፣ በ2009 አጠፉት። ፈጥነው የጀመሩት ገና ጥቂት ሳለ ስለሆነ ሒሳቡ ከእነሱ ጋር ነበር።

እኛ ከዘዴው ጋር እንግዶች አይደለንም። ቃሊቲ የቆላ ዝንብ ማራቢያ አለን። የገንዲን በሽታ ከደቡብ ስምጥ ሸለቆ ለማስወገድ መካን ወንዶች ከዚያ ወጥተው በአውሮፕላን ተለቀዋል። የቆላ ዝንብ ግን አራቢውን ትዕግሥት የሚያስጨርስ ፍጡር ነው፤ ሴቷ በዘጠኝ በአሥር ቀን አንድ እጭ ብቻ ነው የምትወልደው፣ ምግቧም ደም ነው። የእሳት ራት በመቶዎች እንቁላል ስለምትጥል በማራባቱ በኩል ትቀላለች። ቃሊቲ የተማርነው ቀዝቃዛ ሰንሰለት፣ ጨረር መለካት፣ ወጥመድ መቁጠር ለእሳት ራትም ይሠራል።

ታዲያ ለየትኛው? ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ በ2017 ስለገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ነው። ለእሱ አልመክርም። በነፋስ ተሸክሞ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተባይ ዛሬ ብታመክኑት ነገ ከሌላ አገር ይመጣላችኋል። ዘዴው የሚፈልገው ሩቅ የማይበርር፣ በተከለለ አካባቢ የሚኖር፣ ትንሽ ቁጥሩ እንኳ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍል ተባይ ነው።

እንዲህ ያለ አንድ አለ። ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ ይባላል፤ አፍሪካዊ ነው፣ እዚሁ የኖረ። ትሉ ብርቱካን፣ ቃሪያ፣ ዘይቱን፣ ሮማን፣ ጥጥ፣ ጉሎ ይበላል፤ የጽጌረዳ እንቡጥ ውስጥም ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት በድንበሩ ላይ እንዳይገባ ከሚከለክላቸው ተባዮች አንዱ ስለሆነ፣ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ይህ ተባይ ካለባቸው አገሮች የሚላክ ጽጌረዳ ከእርሻው እስከ ማሸጊያው ድረስ የቁጥጥር ሥርዓት እንዲኖረው ግድ ሆኗል። አንዲት ትል በአንድ እንቡጥ ውስጥ ተገኘች ማለት ጭነቱ ሁሉ ቀረ ማለት ነው። ለባቱ፣ ለሆለታና ለሰበታ አበባ አብቃዮች ይህ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ለዚሁ ተባይ በምዕራብ ኬፕ፣ ሲትረስዳል በሚባል በተራራ የተከበበ የብርቱካን ሸለቆ፣ ከ2007 ጀምሮ መካን በንግድ ደረጃ ትለቃለች። መጠኑ 150 ግሬይ ነው፤ የሚፈለገው ንጽጽር ለአንድ የዱር ወንድ ቢያንስ አሥር መካን ነው። የሚለቀቁትም በአነስተኛ አውሮፕላንና በሞተር ነው። የሚከፍለው ብርቱካን አምራቹ በሄክታር ነው። ሸለቆው ውስጥ ካለው ብርቱካን ውጪ ተባዩ የሚሸሸግበት ብዙ ነገር ስለሌለ ሥራው ቀንቷቸዋል።

ባቱ ሲትረስዳል አይደለም። የአበባው እርሻ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ ከአጥሩ ውጪ ግን የአርሶ አደሩ ቃሪያ አለ፣ የጉሎ ተክል አለ፣ በየጓሮው ዘይቱን አለ። ተባዩ የሚራባው እዚያ ነው። አበባ አብቃዩ ግቢው ውስጥ ብቻ መካን ቢለቅ ገንዘቡን ለጎረቤት ማሳ በተነው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከጨረር ማሽን ዋጋ ከጀመረልኝ፣ በእኔ ግምት ከመጨረሻው ነው የጀመረው። መጀመሪያ የሚመጣው ባቱ አጠገብ ባለው ሐይቅ ዙሪያ ያሉትን ማሳዎችና ጓሮዎች ሁሉ የሚሸፍን የወጥመድ ቆጠራ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዓመት፣ ዝናቡንም በጋውንም ጨምሮ። ከዚያ የወደቀ ቃሪያና ዘይቱን በየሳምንቱ ለቅሞ መቅበር አለ፤ ቁጥሩን የሚያወርደው እሱ ነው፣ ምንም ቴክኖሎጂ አይፈልግም። ይህን የሚሠራው ግን ከአበባው ምንም የማያገኘው ባለ ጓሮ ነው። ካናዳዊውን የግብር ሕግ አስገድዶታል። እኛ ዘንድ ማስገደዱ ፍትሐዊም አይመስለኝም፤ ወጥመድ በጓሮው ላሰቀለና ፍሬ ለለቀመ ሰው መከፈል አለበት።

ያ ክፍያ በአንድ የአበባ ዘንግ ላይ ስንት ሳንቲም እንደሚጨምር ልነግራችሁ አልችልም፤ ሒሳቡን መሥራት የምትችሉት ከመካከላችሁ ያላችሁት አብቃዮች ናችሁ። እኔ ይህን ጥያቄ ለእናንተ ሰጥቻለሁ፤ አሁን ደግሞ የእናንተን ጥያቄዎች እቀበላለሁ።